የእናቴ በርሜል

እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ባለፈው ማክሰኞ 9 ሰዓት ገደማ ቧንቧው ማጉረምረም ሲጀምር እናቴ ቀሰቀሰችኝ። ግርጌው የተሰነጠቀውን በርሜል ደቅነን በስልኳ መብራት እናየዋለን።

«አንች ልጅ፣ ይኼ አይሞላም» አለችኝ። «ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር ስንጥቁ ይብስበታል። የሆነ ቦታ ሲደርስ ቀጥ ይላል።»

እንቅልፌ ጠፋ። ማሽን ስለ ውኃ ያለ ቁጥር እንዲያስብ ለማድረግ ስንት ሌሊት ኮምፒውተር ላይ ያፈጠጥኩበትን ነገር ነው ቆማ የነገረችኝ።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪው ፓትሪክ ሄይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ተራ ሰው ስለ ፈሳሽ የሚያውቀውን ለማሽን በሎጂክ እንጻፍለት ብሎ ነበር። በ1984 ኬኔት ፎርበስ፣ በ1986 ደግሞ ቤንጃሚን ካይፐርስ ማሽን ያለ ቁጥር የሚያስብበትን የየራሳቸውን መንገድ አሳተሙ። እኔ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌ የሞከርኩት የካይፐርስን ነው፤ ኪውሲም ይባላል። በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚገባ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከፍታው እየጨመረ ነው፣ እየቀነሰ ነው ወይስ ባለበት ነው? ከባዶና ከአፍ ጢም መካከል የት ነው? «ከፍታው ሲጨምር የሚያፈሰውም ይጨምራል» ትለዋለህ፤ በስንት እንደሚጨምር አትነግረውም። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ሲሞላ ዳር ቆመን «ደረሰ፣ ገና ነው» የምንባባለው እንደዚሁ ነው።

የእናቴን በርሜል ስሰጠው ሦስት መልስ አወጣ፦ ከአፉ በታች ይቆማል፤ ልክ አፉ ላይ ይቆማል፤ ሞልቶ ይፈሳል። መጀመሪያ ኮዴ የተሳሳተ መሰለኝ፤ ደጋግሜ ፈተሽኩት። ስህተት የለበትም። የሚገባውም አለ፣ የሚወጣውም አለ፤ የትኛው እንደሚበልጥ ካልተነገረው ልዩነቱ ወደየት እንደሚያደላ ከየት ያውቃል? ኪውሲም፣ ሞዴሉ ትክክል እስከሆነ ድረስ፣ ሊሆን የሚችለውን አንዱንም አይዘልም፤ አንዳንዴ የማይሆነውን ይጨምር ይሆናል እንጂ። ይህን ጠባዩን ከልቤ እወደዋለሁ።

ታዲያ እናቴ አንዱን በምን መረጠች? ጠየቅኋት።

«ባለፈው በባልዲ ጨምሬ እስከ አፉ ስሞላው፣ ቧንቧው እየወረደም ጎደለብኝ እኮ።»

ቁጥር አይደለም፤ ማነጻጸር ነው። በርሜሉ ሲሞላ የሚያፈሰው ከሚገባው ይበልጣል። ይህችን አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ ሁለቱ መልሶች ወደቁ።

እስክነግራት ግን እሷ ሳሙና አላቁጣ ስንጥቁ ላይ ጠቅጥቃበታለች። የሚወጣውን ዜሮ አድርጌ እንደገና አስኬድኩት። መልሱ አንድ ሆነ፦ ሞልቶ ይፈሳል። ጀሪካኖቹን አወጣን።