የጎረቤቴ ስም ውስጥ መቀስ ተገኘ

ጀርመን አገር ፖስታ አዳይ ነኝ። እንጀራዬ ስም ማንበብ ነው። የደወል ሰሌዳ ላይ፣ የፖስታ ሳጥን ላይ፣ ዝናብ ያደበዘዘው ወረቀት ላይ። መጀመሪያ የሠራሁት ሄሰን ግዛት፣ ማርቡርግ አካባቢ ነበር። እዚያ ሽናይደር የሚባል ሰው በሽ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሦስት አራት ሽናይደር ስላለ፣ የቤት ቁጥሩን ሁለቴ ሳላይ ደብዳቤ ሳጥን ውስጥ አልከትም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ሰሜን፣ ቬዘር ወንዝ ዳር ወዳለችው ኒንቡርግ ተዛወርኩ። ሽናይደሮቹ ሳሱብኝ። በምትካቸው ነገሩ ሁሉ ሽሮደር በሽሮደር ሆነ። (ማየርማ አይነሳ። ታችኛው ሳክሶኒ ውስጥ ዓይንህን ጨፍነህ ደወል ብትጫን የሚከፍትልህ ማየር ነው።)

ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጎረቤቴም ሽሮደር ናቸው። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ደረጃ ላይ ተገናኘንና "ሄር ሽሮደር፣ ስምዎ ምን ማለት ነው?" አልኳቸው። (ሄር ማለት አቶ ነው።) ትከሻቸውን ሰበቁ። "ስም ነዋ!" አሉኝ።

ይህ መልስ ለሐበሻ አይዋጥም። የእኛ ሰው የስሙን ትርጉም ከጠየቅኸው እናቱ ምን አስባ እንዳወጣችለት ሳይቀር ይነግርሃል። ከከተማው ቤተ መጻሕፍት የስም መዝገበ ቃላት ተዋስኩ። ሽሮደር፦ ልብስ ሰፊ። ገጽ ገልብጬ ሽናይደርን አየሁ። እሱም ልብስ ሰፊ። አንድ ሙያ፣ ሁለት ስም፣ አንዱ በደቡብ፣ አንዱ በሰሜን። ዕረፍቴን የበላው ነገር እንዲህ ጀመረ።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ልናገር። አባቴ ደሴ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሁለት ማሽን ነበረው፤ ሁለቱንም የሚረግጡት ሥራ የሚማሩ ልጆች ነበሩ። ጨርቅ የሚቆርጠው ግን እሱ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጨርቁን ዘርግቶ፣ አልቆ በሳሳ ሳሙና ምልክት አድርጎ፣ ትንፋሹን ውጦ መቀሱን ይሰድደዋል። "የተሰፋ ይፈታል፤ የተቆረጠ ግን አይመለስም" ይል ነበር። ታዲያ መዝገበ ቃላቱን ሳነብ ይህ ሁሉ መጣብኝ። ሽናይደር የሚለው ስም የወጣው መቁረጥ ከሚል ግሥ ነው። ሽሮደርም እንደዚያው፣ መቁረጥ ማለት ከሆነው "ሽሮደን" ከሚል የድሮ የሰሜን ጀርመንኛ ግሥ። እኛ ባለሙያውን በመርፌው ጠራነው፤ ጀርመኖቹ በመቀሱ። አባቴ ቢሰማ ለጀርመኖቹ ይፈርድ ነበር።

ቀጥሎ ካርታ ፈለግሁ። ጂኦገን የሚባል ድረ ገጽ አለ። ስም ስትሰጡት ከስልክ ማውጫ ላይ ቆጥሮ የጀርመንን ካርታ ይቀባላችኋል። ሽሮደር ብዬ ጻፍኩ። በርሊንና ሃምቡርግ ጠቁረው ወጡ። እኔ ሆዬ ደረጃ ላይ ቆሜ ለሄር ሽሮደር "የእናንተ አገር በርሊን ነው" ብዬ አበሰርኳቸው። "እኔ በርሊንን አልወድም" አሉኝ።

ቀሽም ስህተት ነበር። በርሊን ውስጥ ያልበዛ ምን ስም አለ? ሰው ስለበዛ ስሙም በዛ እንጂ ምንጩ እዚያ ስለሆነ አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ ያለበት ከተማ ውስጥ 2000 ሽሮደር ቢኖር ከአሥር ሺህ ሰው አሥሩ ነው። መቶ ሺህ ሰው ያለበት ገጠር ውስጥ 500 ቢኖር ግን ከአሥር ሺህ ሃምሳ ነው። የስሙን አገር የሚነግራችሁ ሁለተኛው ነው። ድረ ገጹ ላይ ይህን የሚያሰላ ምርጫ ነበረ፤ እኔ አላየሁትም። እሱን ስነካው በርሊን ፈዘዘች። ከሽሌስቪግ ሆልሽታይን እስከ ሜክለንቡርግ፣ ታችኛው ሳክሶኒን ይዞ እስከ ሊፐ ድረስ ሰሜኑ ደመቀ። ሽናይደርን ስሞክር ደግሞ ዛርላንድ፣ ራይንላንድ ፋልስና ሄሰን በሩ። የእኔ የፖስታ መንገድ ካርታ ላይ ወጥቶ አየሁት።

ሁለተኛው ስህተቴ የፊደል ነው። ሽሮደር ውስጥ ያለችው "ኦ" በጀርመንኛ ከላይዋ ሁለት ነጥብ አላት። ነጥብ የሌለው ኪቦርድ ያለው ሰው በነጥቡ ፋንታ "ኢ" ጨምሮ ይጽፋታል። ስሙን በዚያ አጻጻፍ የያዙ ቤተሰቦችም አሉ። አንዱን ብቻ የፈለገ ሌሎቹን ዘሎ ይሄዳል። ደግሞም ማውጫው የሚቆጥረው መስመር እንጂ ሰው አይደለም፤ ባል፣ ሚስትና አምስት ልጅ ያሉበት ቤት አንድ ሽሮደር ነው። ይህ ነውር የለውም፤ ለማነጻጸር ይበቃል። የፍራይቡርግና የማይንስ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ትልቁን የጀርመን የቤተሰብ ስም አትላስ የሠሩት በ2005 የመደበኛ ስልክ መዝገብ፣ ወደ 28 ሚሊዮን በሚጠጋ መስመር ላይ ተመሥርተው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ሰው መደበኛ ስልኩን እየተወ ሞባይል ብቻ ስለያዘ፣ ያ ማውጫ እንደ ውድ ዕቃ ይታያል።

አትላሱን ሳገላብጥ ነገሩ ሁለት ስም ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። የሰሜኑ ጀርመንኛ ቀንን "ዳግ" ሲል የደቡቡ "ታግ" ይላል። በዚሁ ሕግ ሽሮደር ወደ ሳክሶኒና ቱሪንገን ሲወርድ ሽሮተር ይሆናል። ቬስትፋለን ውስጥ "ደ"ን ውጠው ሽሮየር ይላሉ። ብራውንሽቫይግ አካባቢ ሽራደር ነው። አንድ ልብስ ሰፊ፣ አራት አነጋገር። ስሙ የሚነግራችሁ የመጀመሪያው ሰው ምን ይሠራ እንደነበር ብቻ አይደለም። ከየትኛው አፍ እንደወጣም ይነግራችኋል።

ለምን ሰሜኑ ሽናይደር አላለም? ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነው። የቤተሰብ ስም በጀርመን ከተሞች መያዝ የጀመረው ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው፤ መጀመሪያ በደቡብና በምዕራብ፣ ከዚያ ቀስ እያለ በሰሜንና በገጠር። ከተማ ውስጥ አራት ዮሐን ካለ ግብር ጸሐፊው ይቸገራል። ስለዚህ ዮሐን አንጥረኛው፣ ዮሐን ልብስ ሰፊው እያለ ይጽፋል። በሰሜን ያለው ጸሐፊ ያን ጊዜ የሚጽፈው በራሱ ቋንቋ፣ ሐንዛ የሚባሉት የንግድ ከተሞች በሚጠቀሙበት የሰሜን ጀርመንኛ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የደቡቡ ጀርመንኛ የጽሕፈት ቋንቋ ሆኖ ሲመጣ፣ የሱቁ ሰሌዳ ወደ ሽናይደር ተቀየረ። ስሙ ግን ቀድሞ ደርቆ ነበር። ዛሬ ሰሜን ጀርመን ውስጥ ልብስ የሚሰፋ ሰው ሽናይደር ነው የሚባለው። ሽሮደር የሚል የሙያ ቃል የለም፤ ቃሉ ሞቶ ስሙ ብቻ ቀረ። ሄር ሽሮደር "ስም ነዋ" ያሉት ወደው አይደለም።

የገረመኝ ይህ ካርታ እስከ ዛሬ መቆየቱ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ 12 ሚሊዮን የሚሆኑ ጀርመኖች ከምሥራቅ ተባርረው ወደዚህ ፈሰሱ። ከዚያ በፊትም ሰው ለሥራ ሩር ወደሚባለው የከሰል ማዕድን አካባቢ ጎርፏል። ያም ሆኖ ሰሜኑ ሽሮደር፣ ደቡቡ ሽናይደር እንዳለ ነው። አትላንቲክን ሲሻገርም መልኩ አልጠፋም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፔንሲልቫኒያ የሄዱት አብዛኞቹ ከፋልስና ከአካባቢው ስለነበሩ፣ እዚያ የበዛው ሽናይደር ነው፤ አጻጻፉም ስናይደር ሆነ። ከ1808 እስከ 1817 የፔንሲልቫኒያ አስተዳዳሪ የነበረው ሳይመን ስናይደር የዚያ ዘር ነው።

ሄር ሽሮደር ይህን ሁሉ ሰምተው ዓይናቸው በራ። "እንግዲያው አያቶቼ ልብስ ሰፊ ነበሩ ማለት ነው!" አሉ። እኔም አፌ ቀድሞ "እንዴታ!" አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ክረምት የበላው ይህ "እንዴታ" ነው። ማረጋገጥ ነበረብኛ።

ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አንድ ቀን ቡናማ ደብተር አወጡ። ሽፋኑ ላይ ንስር አለ። የአባታቸው "አኔንፓስ" ነው፤ የቅድመ አያቶች ፓስፖርት እንደማለት። በናዚ ዘመን ሰው "ንጹሕ አርያን" መሆኑን በዚህ ነበር የሚያስመሰክረው። የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ወላጆቹንና አያቶቹን ከነልደታቸው ማስቆጠር ነበረበት። ሄር ሽሮደር ደብተሩን በሁለት ጣት ይዘው "አልጣልኩትም፤ ግን ማንም አይቶት አያውቅም" አሉኝ። ዝም ብለን ትንሽ ተቀመጥን። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና የመንደሩን ስም አነበቡልኝ። እኔን የመሰለ ሰው እንዳይገባ የተሠራ ወረቀት መንገድ መሪ ሆነኝ።

ደብተሩ እስከ 1860ዎቹ ያደርሳል። ፕራሻ ውስጥ የመንግሥት የልደት መዝገብ የተጀመረው በኦክቶበር 1 ቀን 1874 ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ያለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። የፕሮቴስታንቶቹን አርኪዮን የሚባል ድረ ገጽ ላይ በክፍያ ማየት ይቻላል። ከፈልኩ። ገጹ ተከፈተ። አንዲት ፊደል ማንበብ አቃተኝ።

ኩረንት ይባላል የድሮው የእጅ ጽሑፍ። "ኢ" እና "ኤን" መንታ ናቸው፤ "ዩ" ከላይዋ ጭረት ካላሰሩባት ከ"ኤን" አትለይም። እንደ ቄስ ተማሪ ከሀ ሁ ጀመርኩ። በየማታው አንድ ገጽ በእጄ እገለብጣለሁ። ዝም ብዬ ከማየው ይልቅ በእጄ የጻፍኩት ቶሎ ገባኝ፤ እጅ ሲለምድ ዓይን ይከተላል። ቄሶቹ የሰሙትን ነው የሚጽፉት። አንዱ ሰውዬ ሲጠመቅ ሽሮደር፣ ሲያገባ ሽራደር፣ ሲቀበር ተመልሶ ሽሮደር ሆኖ አገኘሁት። መጀመሪያ ላይ ሦስት ሰው መስሎኝ ሦስት የተለያየ ወረቀት ላይ ጽፌው ነበር። ዕድሜውንና የሚስቱን ስም ሳስተያይ ነው አንድ ሰው መሆኑን ያወቅሁት።

ከስሙ አጠገብ ሥራው ይጻፋል። እኔ የምጠብቀው "ልብስ ሰፊ" የሚል ነው። የወጣው "ብሪንክዚትሰር" ነው፤ መንደር ዳር ትንሽ ጎጆና ቁራሽ መሬት ያለው ገበሬ። አባቱም ብሪንክዚትሰር። የእሱ አባት ደግሞ ሰው ቤት ተጠግቶ በጉልበቱ የሚያድር ጭሰኛ። እስከ 1700ዎቹ መጀመሪያ ሄድኩ። መቀስ የያዘ አንድ ሽሮደር የለም።

መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ግን ነገሩ ሲገባኝ ሳቅሁ። መዝገቡ ከመጀመሩ በፊት ስሙ ከሙያው ተፋትቷል። የገጣሚው የጎተ ቤተሰብ ይህን በደንብ ያሳያል። የአባቱ አባት ፍራንክፈርት ውስጥ የታወቀ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ራሱ የፈረስ ኮቴ ላይ ብረት የሚመታ አንጥረኛ ልጅ ነው። ስሙ ግን ሽሚትም (አንጥረኛ) ሽናይደርም አይደለም፤ ጎተ ነው። የገጣሚው የእናት ወገን ደግሞ ቴክስቶር ይባላሉ። ቬበር፣ ሸማኔ ማለት፣ ወደ ላቲን ሲዞር ነው ቴክስቶር የሆነው። እነሱ ግን ሕግ አዋቂዎች ነበሩ፤ ሸማ የሠራ ማን አለ?

ሌላም ያልጠበቅሁት ነገር ነበር። በማይንና በራይን ዳር ባሉ የወይን ከተሞች ሽሮተር ማለት ልብስ ሰፊ ላይሆን ይችላል። እዚያ ሽሮተር ከባድ የወይን በርሜል በመሰላል መሳይ እንጨት ላይ አንከባሎ ምድር ቤት የሚያወርድ ሠራተኛ ነው። ቃሉ ያው ነው፤ ሥራው ሌላ። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ብቻ ይዞ "አያትህ ይህን ነበሩ" ማለት ድፍረት ነው፤ ስሙ የት እንደተወለደ መታወቅ አለበት። ዝምድናም እንደዚያው ነው። ከ1998 እስከ 2005 መራሔ መንግሥት የነበረው ጌርሃርድ ሽሮደር አለ። ከ1961 እስከ 1966 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረ ሌላ ጌርሃርድ ሽሮደርም አለ። አይዛመዱም። በየከተማው ልብስ ሰፊ ነበረ፤ በየከተማው ሽሮደር ተወለደ።

እኔን ራሴን እዚህ አገር ሄር ከበደ ነው የሚሉኝ። ከበደ አባቴ ነው። ቢሮ ውስጥ ሲጠሩኝ አሁንም አንዳንዴ ዞር ብዬ አየዋለሁ። አገራችን ውስጥ ባለእጅ ሲሰደብ የኖረ ነውና፣ ሙያውን ስም አድርጎ ለልጅ ልጁ የሚያወርስ ሰው አላጋጠመኝም። እዚህ ግን በብዛት ቀዳሚዎቹ አራት ስሞች ሙለር፣ ሽሚት፣ ሽናይደርና ፊሸር ናቸው፦ ባለወፍጮ፣ አንጥረኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ዓሣ አጥማጅ።

ያገኘሁትን ሁሉ አትሜ ለሄር ሽሮደር ይዤላቸው ወጣሁ። ገበሬ፣ ገበሬ፣ ጭሰኛ የሚለውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ትንሽ ቅር አላቸው። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ገብተው አዲስ ሱሪ ይዘው መጡ። እግሩ አራት ጣት ይረዝማል። ልብስ የሚያሳጥርላቸው ሱቅ ለእረፍት ዘግቷል፤ እሳቸው ቁልፍ እንኳ መትከል አይችሉም። "አባትህ ልብስ ሰፊ ነበሩ አላልከኝም?" አሉኝ።

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ያለቀ ሳሙና ካለዎት አልኳቸው።