ስድስተኛው ፊርማ

ነገሩ የፈነዳው በአንድ ደረሰኝ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የቧንቧ ዕቃና የውሃ ታንከር በጅምላ የሚያከፋፍል ድርጅት ለጅግጅጋ ነጋዴ ዕቃ ይሸጣል። ነጋዴው ወር ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም የእሱ ይመስላል፤ ቲን ቁጥሩ፣ ማለትም የግብር ከፋይ መለያው፣ ግን ሐረር ያለ የሌላ ነጋዴ ነው። ያወቀው የወሩን ቫት ሲያሳውቅ ነው፤ በሌላ ሰው ቲን በተቆረጠ ደረሰኝ የከፈለውን 15 በመቶ ማቀናነስ አይችልም። ምሥራቅ ውስጥ አንቱታ አይበዛምና ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ሻጩን «አንተ፣ ይሄ እኔ ነኝ?» አለው።

ሥራ አስኪያጁ ለሻጩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲጻፍ አዘዘ። የመረጃ ኮሚቴው ደግሞ ሐሙስ ተሰብስቦ በደንበኛ መመዝገቢያ ቅጹ ላይ ስድስተኛ ፊርማ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ። ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት የሒሳብ ኃላፊዋ ሻጩን ጠርታ የሰው ኮድ፣ ማለትም ለሌላ ደንበኛ ሲመዘገብ የተሰጠውን መለያ፣ ለምን እንደተጠቀመ ጠየቀችው። «ምን ላድርግ እህቴ? አይሱዙው ተጭኖ ቆሟል፤ አዲስ ኮድ እስኪወጣ ሳምንት ያልፋል። ስሙ የሚመሳሰል አገኘሁ፣ በእሱ ቆረጥኩ።»

መጋዘኑ ውስጥ ካይዘን፣ ብክነትን እየቀነሱ ሥራን የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ ከተጀመረ ቆይቷል። አምስቱ ማዎች፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ቢሮው ውስጥ ግን ብክነት አለ ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ኃላፊዋ ያደረገችው መጋዘን ውስጥ የሚደረገውን ነው። አንድ ቅጽ ይዛ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ተከተለች፤ በየደረሰበት ሁለት ሰዓት ጻፈች፦ የተቀመጠበትንና የተነሣበትን። ሲደመር በእጅ የተሠራው 35 ደቂቃ፣ ያለፈው ጊዜ ግን ስምንት የሥራ ቀን ሆነ። ሦስቱ ቀን ሐሙስን መጠበቅ ነው። የተቀረው አብዛኛው የቀትሩ ዕረፍት ያመጣው ነው፤ በድሬ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ሥራ ይቆማል፣ አራት ሰዓት ላይ የተላከ ወረቀት ፈራሚው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ይቆይና ከሰዓት በኋላ ሌላ ወረቀት ይደረብበታል።

አምስቱ ፈራሚዎች ምን አይታችሁ ነው የምትፈርሙት ሲባሉ፣ ሁለቱ የሚያዩት አንድ ነገር ነው፦ የንግድ ፈቃዱ መታደሱን። ቲን ቁጥሩን ከምስክር ወረቀቱ ጋር የሚያመሳክር ግን አንድም አልነበረም። እያንዳንዱ ሌላው አይቶታል ብሎ ነው የሚፈርመው። ስድስተኛው ቢጨመር አምስቱን አምኖ ይፈርም ነበር።

ቅጹ 38 ጥያቄ ነበረው። ለእያንዳንዱ «አንተን ማን ያነብሃል? በየትኛው ወረቀት ላይ ትወጣለህ?» ተባለ። ፋክስ ቁጥር፣ የሚስት ስም፣ የተመሠረተበት ቀን በኢትዮጵያም በፈረንጅም። መልስ ያገኙት 11 ብቻ ናቸው። የቀሩት ወዲያው አልተሰረዙም። መጋዘን ውስጥ የማያገለግል ዕቃ ቀይ ካርድ ተለጥፎበት ለብቻው እንደሚቀመጠው ለሁለት ወር ተደበቁ፤ ማን እንደሚጮህ ታየ። የጮኸው የስምሪት ክፍል ነው፤ ሱቁ ምን አጠገብ እንዳለ የሚጻፍበት «መለያ ምልክት» የሚለው ሲጠፋ ሹፌሮቹ ሳቢያን ሰፈር ገብተው መደወል ጀመሩ። እሱ ተመለሰ፤ ቅጹ 12 ሆነ።

ዋናው ሥራ የተሠራው ግን መግቢያው ላይ ነው። የቲን ስህተት ግማሹ የኤክሴል ነው። ቲን ቁጥር አሥር አኃዝ ነው፤ ብዙው በዜሮ ይጀምራል። ኤክሴል ቁጥር መስሎት የፊቱን ዜሮ ይቆርጠዋል። ከተቆረጠ በኋላ ዓምዱን ወደ ቴክስት መቀየር ዜሮውን አይመልሰውም። ስለዚህ መጀመሪያ ዓምዱ ቴክስት ይሆናል፣ ከዚያ ይጻፋል፤ አሥር አኃዝ ያልሞላ እንዳይገባ በዳታ ቫሊዴሽን ይከለከላል። ስልክ ደግሞ ከመጨረሻው ዘጠኝ አኃዝ ብቻ ይነጻጸራል፤ ያኔ በ09 የተጻፈውና በ+251 የተጻፈው አንድ ይሆናሉ።

ስም ከሁሉም ይከብዳል። መሐመድ፣ መሀመድ፣ መሃመድ፣ መኀመድ፦ ለጆሮ አንድ፣ ለኮምፒውተር አራት ሰው። መፍትሔው ከስሙ ጎን የመፈለጊያ ዓምድ መክፈት ነው፤ እዚያ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየራሉ። መጀመሪያ የሠራው ልጅ ግዕዙን ብቻ ቀይሮ ተወው፤ ሕ፣ ሑ፣ ሖ እንዳሉ ቀሩ። ሰባቱም መቀየር አለባቸው፤ ሃ ወደ ሀ፣ ኣና ዓ ወደ አ መመለስም አይረሳም። የመጀመሪያው ስም ዓምድ አይነካም፤ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም ያለበት እሱ ነው። ይህም ሆኖ ሙሐመድና መሐመድን አያገናኝም። ለዚህ ነው ሻጩ መጀመሪያ በቲን፣ ቀጥሎ በስልክ፣ በስም ግን መጨረሻ ላይ የሚፈልገው።

ፊርማው ሁለት ሆነ። ሻጩ የምስክር ወረቀቱን ፎቶ አያይዞ ይሞላል፤ ሒሳብ ክፍል ቲኑን ከፎቶው ጋር አመሳክሮ በዚያው ቀን ይከፍታል። ሦስተኛ ፊርማ ያለው የዱቤ ጣሪያ ለሚጠይቅ ደንበኛ ብቻ ነው። ኮሚቴው በየሳምንቱ መሰብሰቡን ትቶ የሚጠራው ሁለቱ ካልተስማሙ ነው። አንዳንዱ አባል ቅር ብሎታል።

አንድ ስህተት ተሠርቷል፣ እሱም የቅደም ተከተል ነው። ሥራ አስኪያጁ ቸኩሎ ላልተመዘገበ ገዢ የሚቆረጥበትን «ልዩ ልዩ ደንበኛ» የሚለውን ኮድ የምዝገባው መንገድ ከማጠሩ በፊት አዘጋው። ቅዳሜ ጠዋት ገበያው ሲጦፍ ሻጮቹ ወደ ሰው ኮድ ተመለሱ፤ በሳምንቱ ውስጥ ሌላ ሁለት ደረሰኝ ተበላሸ። ኮዱ ተከፈተ፣ ምዝገባው በቀኑ የሚያልቅ መሆኑ ተረጋገጠ፣ ከዚያ ለዱቤ ሽያጭ ብቻ ተዘጋ። የድሮዎቹ ድርብ መዝገቦች በአንድ ዘመቻ አልጸዱም፤ ደንበኛው ለግዢ ሲመጣ ይስተካከላል፣ ያልመጣውን ማንም አይነካውም።

አሁን ነጭ ሰሌዳው ላይ አንድ ቁጥር ይጻፋል፦ በሳምንቱ በልዩ ልዩ ኮድ የተቆረጠ ደረሰኝ ብዛት። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ወጣ። ሻጮቹ ተጠርተው ሊጠየቁ ሲሉ ምክንያቱ ታወቀ፤ ኮድ የምትከፍተዋ የሒሳብ ሠራተኛ የዓመት ዕረፍት ወጥታለች፣ የይለፍ ቃሉ ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው። ለገንዘብ ያዧም በራሷ ስም ሌላ ተከፈተላት፤ ሰኞ ዕለት ቁጥሩ ወረደ።