ታይፕስክሪፕት ከየት ይጀመር?

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ

የእህል ዋጋ ለሚያሳይ ድረ ገጽ ታይፕስክሪፕት (በጃቫስክሪፕት ላይ የዳታ ዓይነት፣ ማለትም ታይፕ፣ ጨምሮ ኮዱን አስቀድሞ የሚፈትሽ ቋንቋ) ይግባ ሲባል ብዙ ሰው የሚጣደፈው የፋይል ስም ከ.js ወደ .ts ለመቀየር ነው። አያስፈልግም። ኮንፊጉ (የቅንብር ፋይሉ) ላይ «አላው ጄኤስ» (allowJs፦ ጃቫስክሪፕትንም ተቀበል) እና «ኖ ኢሚት» (noEmit፦ አዲስ ፋይል አታውጣ) ከበሩ አሮጌው ጃቫስክሪፕት ባለበት ይቀመጣል፤ መፈተሽ የተፈለገው ፋይል አናት ላይ ብቻ «ቲኤስ ቼክ» (// @ts-check) የሚል ኮሜንት ይጨመራል። የታይፕስክሪፕት ፓኬጅ አንዴ ከወረደ ቼከሩ (ኮዱን የሚፈትሸው ፕሮግራም) ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲሄድ ሲመጣ ለሚውልበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋናው ጣጣ ከሰርቨር የሚመጣው ዳታ ነው። የቢቸና ጤፍ ኩንታሉ 9500 ብር ነው እንበል፤ ሰርቨሩ ግን በስትሪንግ (እንደ ጽሑፍ) ላከው። በ3 ሲባዛ ጃቫስክሪፕት ራሱ ወደ ቁጥር ቀይሮ 28500 ይላል። የ300 ብር ማጓጓዣ ሲደመርበት 9500300 ይሆናል። ማባዛቱ ልክ ስለሚመጣ ማንም አይጠረጥርም። ቼከሩም ዝም ይላል፦ ከጄሰን (ሰርቨሩ ዳታ ከሚልክበት የጽሑፍ ቅርጽ) የተነበበ ነገር ታይፑ «ኤኒ» (any፦ ማንኛውም) ነው፣ «ኤኒ» ደግሞ ላሉት ሁሉ አሜን ባይ ነው። «ዋጋ ነምበር ነው» ብለን ብንጽፍም ታይፖቹ ብሮውዘር ዘንድ ሳይደርሱ ይጠፋሉ። ስለዚህ ዳታውን በ«አንኖውን» (unknown፦ ሳይፈተሽ ሥራ ላይ የማይውል ታይፕ) ተቀብሎ፣ ዋጋው በእርግጥ ቁጥር መሆኑን በኮድ አረጋግጦ ማሳለፍ ነው። ዞድን (Zod) የመሰለ ዳታ ፈታሽ ላይብረሪም ይህንኑ ያቀልላል።

ቀጥሎ የሚበራው ቅንብር «ስትሪክት ነል ቼክስ» (strictNullChecks) ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አለ። የቡሬ በቆሎ ዋጋ ያልተመዘገበ ቀን «ነል» (null፦ ባዶ ዋጋ) ይመጣል፤ ነል ሲደመር 300፣ 300 ነው። ገጹ ማጓጓዣውን የበቆሎ ዋጋ አድርጎ ያሳያል ማለት ነው። ዋጋው ነል ሊሆን እንደሚችል ታይፑ ላይ ከተጻፈ፣ ይህ ቅንብር ሲበራ ቼከሩ መደመሩን ይከለክላል። ሌሎቹ የ«ስትሪክት» ቅንብሮች ቢቆዩ ብዙ አይጎዱም።

የወር ነገር ግን ያታልላል። የእኛ ወር ከ1 እስከ 13 ነው፤ የጃቫስክሪፕት «ዴት» (Date፦ የቀን መሣሪያው) የፈረንጅ ወሮችን ከ0 እስከ 11 ይቆጥራል። ጳጉሜን 13 ተብሎ ለ«ዴት» ቢሰጥ ስህተት አይልም፣ ወደ ቀጣዩ ዓመት ፌብሩዋሪ ይሻገራል። ከ1 እስከ 13 ያሉትን ብቻ የሚቀበል ታይፕ መሥራትም አያስጥልም፤ እነዚያም ነምበር ናቸውና «ዴት» ይቀበላቸዋል። ወሩን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ኦብጀክት (ብዙ ዋጋ አንድ ላይ የሚይዝ ጥቅል) ውስጥ ማስገባት ያዋጣል፤ ኦብጀክቱ ለ«ዴት» እንደ ወር ሲሰጥ ቼከሩ እዚያው ይጮኻል።

ለጊዜው የሚታለፍ ስህተት ሲኖር ከ«ቲኤስ ኢግኖር» (@ts-ignore) ኮሜንት ይልቅ «ቲኤስ ኤክስፔክት ኤረር» (@ts-expect-error) ይጻፍ፤ ስህተቱ የተስተካከለ ዕለት ኮሜንቱ አንሱኝ ይላል።