ሸክላ ይዛችሁ ከድሬ ስትወጡ ደብዳቤ አትያዙ

«ድሬ ላይ ሆነህ የድሮ የዘፈን ሸክላ እንዴት ትሰበስባለህ?» የሚሉኝ የአዲስ አበባ ዲጄዎች አሉ። መሰብሰቡ ቀላል ነው፤ ማጫወቱም ያው። አበሳው መንገዱ ላይ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ እኔ ልንገራችሁ።

አሰባሰቡን ባጭሩ ልጨርሰው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይቺ ከተማ የባሕር ማዶ ዕቃ ቸግሯት አያውቅም። ከዚራ በሚባለው ሰፈር የድሮ የምድር ባቡር ሠራተኞች ቤት የፈረንሳይ ሸክላ፣ መጋላ ሰፈር የዓረብ ሸክላ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ የጥላሁን ገሠሠንና የማሕሙድ አሕመድን ትንንሾቹን፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩትን ሸክላዎች አግኝቻለሁ። ወንዶቹን አትጠይቁ። አባወራው «ድሮ ተጥሏል» ብሎ ይሸኛችኋል፤ እማወራዋ ግን ከየትኛው አልጋ ሥር እንዳለ ታውቃለች። ሰዓትም ምረጡ። ከምሳ በፊት ከሄዳችሁ ዋጋ ይሰቀልባችኋል። የጫቱ በርጫ ሞቅ ሲል ሁሉም ለጋስ ነው፤ ግን አቦ፣ የምርቃና ቃል እስከ ማታ አይቆይም። ብሩን ይዛችሁ ግቡ፣ ሸክላውን ይዛችሁ ውጡ።

እጥበቱ ላይ በቧንቧ ውሃ እንዳትሳሳቱ፤ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ሸክላው ላይም ይተዋል። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ዲስቲልድ ውሃ ግዙ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩበት፣ ለስላሳ ጨርቅ ይዛችሁ የመስመሩን ዙር ተከትላችሁ ጥረጉ። የጥንቶቹን ባለ 78 ዙር ግን አልኮል እንዳታስነኩ፤ የተሠሩበትን ሙጫ ያሟሟዋል። ከባድ መርፌ ያለው ሻንጣ መሳይ ማጫወቻም ለጌጥ ይቀመጥ፤ በተጫወተ ቁጥር ሸክላውን ይፍቀዋል። እኔ ቴክኒክስ 1200 ነው የማጫውትበት።

አሁን ወደ መንገዱ።

አዲስ አበባ አንድ ምሽት እንዳጫውት ተጠራሁ። ሁለት ካርቶን ሸክላ መረጥኩ። አንድ የማከብረው ሰው «ከምሥራቅ የሚወጣ ካርቶን ሁሉ ኮንትሮባንድ ነው የሚመስላቸው፤ ደብዳቤ ያዝ» ብሎ መከረኝ። ደብዳቤ የሚጽፍ ቢሮ ሄድኩ። እዚያም «ወረቀት የያዘ ሰው አይነካም» አሉኝ። ተመላልሼ፣ «ነገ ና» ተብዬ፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ፣ በመጨረሻ ማኅተምና ቲተር ያረፈበት ወረቀት ተሰጠኝ። «ታሪካዊና ቅርሳዊ ፋይዳ ያላቸው የሙዚቃ ሸክላዎች መሆናቸውን እየገለጽን አስፈላጊው ትብብር ይደረግላቸው ዘንድ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ሳነበው ኮራሁ።

አውቶቡሱ ቆላው ላይ አንድ ኬላ ሲደርስ ፈታሹ ገባ። ካርቶኖቹን አስወረደኝ።

«ምንድነው?»

«የዘፈን ሸክላ።»

«ደረሰኙስ?»

«ከአንዲት እናት ቤት ነው የገዛሁት፤ ዕቃው ሃምሳ ዓመት አልፎታል።»

«ሴትየዋ ደረሰኝ አልቆረጡልህም?»

እየቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለደም። እንግዲህ ጊዜው ነው ብዬ ደብዳቤዬን መዘዝኩ። አንዴ አነበበው፤ «ቅርሳዊ» የምትለዋ ላይ ጣቱን አሳርፎ ደግሞ አነበበው። ፊቱ ተለወጠ። «ቅርስ ይዘህ ወዴት ነው የምትሄደው?» እስከዚያች ደቂቃ ጥፋቴ የደረሰኝ ነበር፤ ከደብዳቤው በኋላ የቅርስ አዘዋዋሪ ሆንኩ። ዕቃው ንግድ ከሆነ ደረሰኝ የለውም፣ ቅርስ ከሆነ ከቦታው መንቀሳቀስ አልነበረበትም። በሁለቱም በኩል ተያዝኩ።

ከዚያ መቁጠር ተጀመረ። እያንዳንዱን ሸክላ ከልባሱ እያወጣ ጥላ በሌለው የብረት ጠረጴዛ ላይ መደርደር። ጠረጴዛውን እጅ አይችለውም። «ጌታዬ፣ እባክዎ ጥላ ሥር እናድርገው፤ ፀሐይ ያጣምመዋል» አልኩ። «ፕላስቲክ አይደል እንዴ?» አዎ፣ ፕላስቲክ ነው፣ ችግሩም እሱ ነው፤ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል። ላነሳ እጄን ስዘረጋ «አትንካ! ቁጥጥር ላይ ነው» ብሎ ጮኸብኝ። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት እናት በመስኮት «የጥላሁን እኮ ነው ልጄ፣ ተዉለት» አሉ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሁለቴ ነፋና ጥሎኝ ሄደ።

መዝገቡ ላይ የጻፈውን አሻግሬ አነበብኩት፦ «ጥቁር ክብ ፕላስቲክ፣ ያገለገለ፣ ከነካርቶኑ።» ይህንን ከጻፈ በኋላም ቢሆን ቅርስ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

ኃላፊው ከምሳ ሲመለስ ቆሞ አየ። «ይሄ ያረጀ ነገር ምን ያደርግልሃል? ውሰደው» አለኝ። በቃ። ደብዳቤውን እንኳ አልጠየቀም።

ስሰበስባቸው ብዙዎቹ ዳራቸው እንደ ደረቀ እንጀራ ተቆልምሟል። ከነዚያ መሐል አንድ የአምሃ ሪከርድስ ነበር፤ ያን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ በነበረበት ዘመን፣ በ1961 ዓ.ም.፣ አቶ አምሃ እሸቴ ክልከላውን ጥሰው ነው ሥራውን የጀመሩት። መጀመሪያ ሕንድ፣ ቀጥሎ ሊባኖስ እያሳተሙ አስመጡ። ያለ ፈቃድ የተወለደውን ሸክላ እኔ ባለማኅተም ወረቀት ይዤለት ስሄድ ተጣመመ!

ማቃናት ይቻላል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። «ኦቨን ውስጥ ክተተው» የሚል ምክር ከሰማችሁ ሰውየውን ሽሹት። እኔ ሸክላውን በሁለት ወፍራም መስታወቶች መሐል አድርጌ የጠዋቷ የድሬ ፀሐይ ላይ ለአጭር ጊዜ አስቀምጣለሁ፤ መስታወቱ ሲሞቅ ጥላ ሥር አስገብቼ ክብደት እጭንበታለሁ። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ መክፈት የለም። ቀላል ጥምመት ይስተካከላል። የመስመሩ ቅርጽ ራሱ ከተበላሸ ግን ድምፁ አይመለስም፤ የአምሃው ከነዚህ ነው።

ዛሬ እንዲህ ነው የማደርገው። ካርቶን አልይዝም፤ የልብስ ሻንጣ ውስጥ በልብስ መሐል አቁሜ እደረድራቸዋለሁ። ሸክላ ከተደራረበ የላይኛው የታችኛውን ያጎብጠዋል። ሻንጣው የዕቃ መጫኛ ውስጥ አይገባም፤ እግሬ ሥር ነው። «ምንድነው?» ሲሉኝ «የአባቴ አሮጌ ሸክላዎች» እላለሁ። አባቴ ሸክላ ኖሮት አያውቅም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ታሪካዊ፣ ብርቅዬ፣ ውድ የሚሉ ቃላት ከአፌ አይወጡም።

ኦሪጅናሉንም ከድሬ አላወጣም፤ የምይዘው ውጭ አገር እንደ አዲስ የታተመውን ነው። እሱን ማጫወት ነውር ነው የሚሉ ሰብሳቢዎች አሉ፤ እነሱ ኬላው ላይ ቆመው ይንገሩኝ። ለአዲስ አበባ ምሽት አዲሱ ሕትመት ይበቃል፤ የሚጨፍር ሰው ልባሱን አያይም። ኦሪጅናሉን መስማት የፈለገ ከዚራ ይምጣ፤ ከመግሪብ በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበርድ አጫውትለታለሁ። የአውቶቡሱን ግን ራሱ ይክፈል።