የጣናን ዙሪያ መንገዶች በትሬድ ፑል ስፈልግ

ነገሩ የተጀመረው በእህቴ ጥያቄ ነው። እህቴ ነርስ ናት፤ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። አንድ እሁድ ቡና እየጠጣን፣ "ወንድምዓለም፣ ለመውለድ ከሚመጡት እናቶች የየትኛው ጎጥ ሰው ነው በጣም ሩቅ የሚጓዘው? እኛ በግምት ነው የምናወራው። በኮምፒውተር አይታወቅም?" አለችኝ።

ይታወቃል አልኳት። ማታውኑ ጀመርኩ።

የጣና ዙሪያ መንገዶች ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ አሉ፤ ማንም በነፃ ያወርዳቸዋል። ከባሕር ዳር በወረታ በኩል እስከ ጎንደርና ጎርጎራ፣ በምዕራብ ደግሞ ዘጌንና የሐይቁን ዳር ይዤ ያለውን ሁሉ ቆርጬ አወጣሁ። ከዚያ እያንዳንዱን መንገድ በ50 በ50 ሜትር ከፋፈልኩት። መጋጠሚያው ኖድ (ነጥብ)፣ ቁራጩ ኤጅ (መስመር) ሆነ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ግራፍ ይባላሉ። ይሄን ያደረግኩት ቢኤፍኤስ (ከመነሻው ጀምሮ በየእርምጃው ወደ ጎረቤት ነጥቦች እየሰፋ የሚሄድ የፍለጋ ስልት) የሚቆጥረው እርምጃ እንጂ ኪሎ ሜትር ስላልሆነ ነው። ቁራጮቹ እኩል ከሆኑ ግን እርምጃውን በ50 ማባዛት ነው፤ ርቀቱ ከሞላ ጎደል ይገኛል።

ለየጎጡ ቅርብ የሆነውን ጤና ጣቢያ ብቻ ብፈልግ ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር። ሁሉንም ጣቢያዎች መነሻ አድርጎ አንዴ መፈለግ ይበቃል። እህቴ የፈለገችው ግን ከእያንዳንዱ ጣቢያ እስከ እያንዳንዱ ጎጥ ያለውን ርቀት ነው። አንዱ ጋ አልጋ ሞልቶ ወይም ባለሙያ ጠፍቶ እናቲቱ ወደ ሌላ ስትላክ መንገዱ ስንት እንደሚጨምር ማየት ትፈልጋለች። ክረምት ሲገባ የሚቆረጡ መንገዶችም አሉ፤ እነሱን አንድ በአንድ እያወጡ ሁሉንም እንደገና ማስላት ይመጣል። በአንድ ትሬድ (ፕሮግራም ውስጥ በራሱ የሚሄድ አንድ የሥራ መስመር) ሞከርኩት፤ ይሠራል፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ላፕቶፔ 4 ኮር (ጎን ለጎን የሚሠሩ የፕሮሰሰር ክፍሎች) አለው፣ ሦስቱ ሥራ ፈተው ነው የሚያድሩት። በቃ፣ እናሠራቸው አልኩ።

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ አዲስ ኖድ አንድ አንድ ትሬድ ከፈትኩ። የምጽፍበት ቋንቋ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ትሬድ በራሱ ስላለው አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ትንሽ እንደሄደ ትሬድ መክፈት አልችልም ብሎ ወደቀ። ሊኑክስ ላይ ለአንድ ትሬድ ስታክ (ጊዜያዊ ነገሮቹን ለሚያስቀምጥበት ሜሞሪ) ብዙውን ጊዜ 8 ሜጋባይት የአድራሻ ቦታ ይያዛል፤ የትሬዶቹም ብዛት ገደብ አለው። ባይወድቅም አያዋጣም ነበር። መንገድ ላይ ያለ አንድ ኖድ ብዙ ጊዜ ሁለት ጎረቤት ነው ያለው። ሁለት ጎረቤት ለማየት ትሬድ መክፈትና መዝጋት ከሥራው በላይ ጊዜ ይበላል።

ትሬድ ፑል የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ባጃጅ ተራ ቆሞ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ተሳፋሪ በመጣ ቁጥር አዲስ ባጃጅ አይገዛም። ያሉት ተሰልፈው ይቆማሉ፣ ባለተራው ጭኖ ያደርሳል፣ ተመልሶ ይሰለፋል። እኔም 4 ትሬድ አንዴ ከፈትኩና እስከ መጨረሻው አልዘጋኋቸውም። ሥራ የሚቀመጥበት ወረፋ አለ፣ ሁለት ትሬድ አንዴ እንዳይነኩት ወረፋውን የሚቆልፍ ሚውቴክስ አለ፣ ሥራ ሲጠፋ ትሬዶቹ የሚተኙበት ኮንዲሽን ቫሪያብል አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ የተኛ ትሬድ ማንም ሳይቀሰቅሰው ሊነቃ ይችላል። ስለዚህ በነቃ ቁጥር ወረፋው ላይ በእርግጥ ሥራ መኖሩን እንደገና ማየት አለበት። አንዴ ብቻ በሚያየው "ኢፍ" ሳይሆን እየደጋገመ በሚያየው "ዋይል" ጻፉት።

ሁለት ትሬዶች አንድ ኖድ ላይ እኩል ሲደርሱ ደግሞ ሁለቱም "ገና አልተጎበኘም" ብለው ይወስዱታል። ማየቱና ምልክት ማድረጉ አንድ ድርጊት መሆን አለባቸው። ለዚህ አቶሚክ ኤክስቼንጅ ተጠቀምኩ። አዲሱን ምልክት እያስቀመጠ የድሮውን ይመልስልሃል፤ የተመለሰው ባዶ ከሆነ ኖዱ ያንተ ነው፣ ካልሆነ ሌላው ቀድሞሃል።

አሁን ያልቃል ስል ርቀቱ በየሩጫው ተለያየ። አንዱን ጎጥ አንዴ 212 እርምጃ፣ አንዴ 215 ይለኛል። ለካ ትሬዶቹ እኩል አይሮጡም። አንዱ በረጅሙ መንገድ ቀድሞ ይደርስና ኖዱ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ በአጭሩ መንገድ የሚመጣው ዘግይቶ ሲደርስ ተይዟል ይባላል። ስለዚህ ሥራውን በዙር ከፈልኩት። በ10 እርምጃ ያሉት ሁሉ ሳያልቁ በ11 ያሉትን ማንም አይነካም።

ግን ዙሩ ማለቁን በምን አውቃለሁ? እኔ ወረፋው ባዶ ከሆነ አልቋል ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ቀን የበላኝ ይሄ ነው። ፕሮግራሙ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ልክ ይሆናል፣ በአሥረኛው የጎጦቹ ግማሽ ጎድሎ ይወጣል። የት እንደሚሳሳት ለማየት ማተሚያ መስመር ሳስገባ ስህተቱ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ማተሙ ራሱ ትሬዶቹን ያዘገያቸዋል። ትሬድ ሳኒታይዘር የሚባለውን መሣሪያ አስኬድኩ፤ ሌላ ቦታ ሁለት ስህተት አገኘልኝ፣ እሱን ግን አላየውም። ልክም ነው፣ ወረፋውን የምነካው ሁልጊዜ ቆልፌ ስለነበር የዳታ ሬስ (ሁለት ትሬድ ያለ ቁልፍ አንድ ዳታ ላይ መሻማት) የለም። የተሳሳተው አስተሳሰቤ ነበር።

የገባኝ ሐይቁ ዳር ነው። ጠዋት ዓሣ ልገዛ ወርጄ፣ ከሻጩ ፊት ሰሌኑ ላይ አንድም ቀረሶ የለም። ልመለስ ስል፣ "የት ትሄዳለህ? ልጆቹ ገና ውሃ ላይ ናቸው" አለኝ። ቀና ስል ሁለት የደንገል ታንኳ ወደ ዳር እየቀዘፉ ይመጣሉ። ቆሜ ጠበቅኳቸው፤ ቆሜም ስለ ወረፋዬ አሰብኩ። ወረፋው ባዶ ነው ማለት ሥራው አልቋል ማለት አይደለም። የመጨረሻውን ሥራ ይዞ የሄደ ትሬድ ገና ጎረቤት እየቆጠረ ነው፣ ይዞት የሚመጣው ነገር አለ።

ቤት ገብቼ አንድ ቆጣሪ ጨመርኩ። ሥራ ወረፋ ላይ ሲወጣ ቆጣሪው በአንድ ይጨምራል፤ ከወረፋ ሲነሳ ግን አይቀንስም። የሚቀንሰው ሥራው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ፣ ያፈራውም ሁሉ ከተመዘገበ በኋላ ነው። ዙሩ የሚያልቀው ቆጣሪው ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ አስኬድኩት፣ አንዴም አልጎደለም።

እዚያው ሳምንት ሌላ ድንጋጤ መጣ። የተጎበኙት ኖዶች ድምር ከጠቅላላው ያንሳል። አሁንም ትሬዶቹ የሆነ ነገር እየጣሉ ነው ብዬ አንድ ሌሊት ኮዱን ሳገላብጥ አደርኩ። ሲነጋ የቀሩትን ኖዶች ካርታ ላይ አወጣኋቸው። ሐይቁ መሃል ናቸው! ደቅ ደሴት ላይ ያሉት የእግር መንገዶች። እዚያ ሰው ይኖራል፣ መንገድ አለ፣ ከየብሱ የሚያገናኘው ግን ጀልባ ብቻ ነው፤ እኔ ያወጣሁት ደግሞ መንገድ ብቻ። ቢኤፍኤስ በውሃ ላይ አይሄድም። ከዚያ ወዲህ ውጤቴን ከኖዶች ጠቅላላ ቁጥር ጋር አላነጻጽርም። በአንድ ትሬድ ከወጣው መልስ ጋር ኖድ በኖድ ነው የማነጻጽረው። ያ ቀርፋፋ የመጀመሪያ ኮድ እስካሁን አለ፣ አልሰረዝኩትም።

ልክ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ፍጥነቱን ለካሁ። ከአንዱ ትሬድ ይዘገያል! አራቱም አንድ ቁልፍ ላይ ተሰልፈው ነው የሚውሉት። በአንድ ሥራ አንድ ኖድ መስጠቱን ትቼ 256 ኖድ በአንዴ መስጠት ጀመርኩ፤ እያንዳንዱ ትሬድም ያገኘውን በራሱ ዝርዝር ይዞ በዙሩ መጨረሻ ብቻ ያስረክባል። የየትሬዱን ቆጣሪዎች ጎን ለጎን ያስቀመጥኩትም ስህተት ነበር። ፕሮሰሰሩ ሜሞሪን የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ በ64 ባይት ቁራጭ ስለሆነ፣ አንዱ የራሱን ቆጣሪ ሲጽፍ ሌሎቹ ኮሮች የያዙትንም ቅጂ ያስጥላል። አራራቅኳቸው። በመሃል መብራት ጠፍቶ በባትሪ የለካሁትን ግን ሁሉንም ጣልኩት። ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ስለሚያዘገየው፣ ቻርጅ ላይ ሆኖ ከተለካው ጋር ጨርሶ አይወዳደርም።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ከአንዱ ትሬድ ብዙም አልተሻለም። ያኔ መጀመሪያ ላይ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ በየዙሩ ስንት ኖድ እንዳለ አተምኩ። ከባሕር ዳር ሲነሳ ከተማው ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል። ወደ ምሥራቅ ለመሻገር ዓባይ ላይ ያሉትን ድልድዮች ማለፍ አለበት፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ በኔ ግራፍ ወደ ስምንት እርምጃ ገደማ፣ በእያንዳንዱም እርምጃ ጥቂት ኖድ ብቻ። ከተማው ሲያልቅ ደግሞ ጥቂት መንገዶች ብቻ ናቸው የሚቀሩት፤ ወደ ወረታ፣ ወደ ዳንግላ፣ ወደ አዴት፣ ወደ ዘጌ። ዙሩ በሺህ ይቆጠራል፣ በአንዱ ዙር ያለው ሥራ ግን ለአንድ ትሬድ እንኳ አይበቃም። ሦስቱ ቆመው ይጠብቃሉ። የሰዎች ጓደኝነት ግራፍ ቢሆን በሦስትና በአራት እርምጃ ሚሊዮን ሰው ይደርሳል፣ እዚያ በዙር መከፋፈል ያዋጣል። መንገድ ግን ረጅምና ቀጭን ነው። የግራፉን ቅርፅ ሳላይ ነው ሁለት ሳምንት ቁልፍ ሳሳምር የከረምኩት።

መፍትሔው ከጥያቄው ራሱ መጣ። ጤና ጣቢያዎቹ ብዙ ናቸው፣ የክረምቱም አማራጮች ብዙ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሥራ ማለት ከአንድ ጣቢያ ተነስቶ እስከ መጨረሻው የሚሄድ አንድ ሙሉ ፍለጋ ሆነ። ግራፉን ሁሉም ያነቡታል፣ ማንም አይጽፍበትም። ምልክቱን እያንዳንዱ ትሬድ በራሱ ሰንጠረዥ ይይዛል፣ በየፍለጋውም ሰንጠረዡን ከማጽዳት ይልቅ የፍለጋውን ቁጥር ምልክት አድርጎ ይጽፋል፤ የድሮ ቁጥር ካየ እንዳልተጎበኘ ይቆጥረዋል። አቶሚኩ ጠፋ፣ ዙሩ ጠፋ፣ የቀረው ፑሉና ያ ቆጣሪ ናቸው። ወደ አራት እጥፍ የተጠጋ ፍጥነት ሰጠኝ። ሌሊት የሚፈጀው አሁን ሳንተኛ ያልቃል።

ካርታውን ለእህቴ አሳየኋት። ሩቆቹን ጎጦች በቀይ ቀብቼላት ነበር፤ ጣቷን እያስኬደች ብዙዎቹን በስም ጠራቻቸው። ከዚያ ሐይቁ መሃል ያለችውን ቀለም የሌላት ደቅን አይታ፣ "እነዚህስ እናቶች?" አለችኝ።

አሁን የጀልባውን መስመር እያስገባሁ ነው። ጀልባ በ50 ሜትር አይቆራረጥም፤ የሚነሳበት ሰዓት አለው፣ መጠበቅ አለ። ስለዚህ ቢኤፍኤሱን በዳይክስትራ (እርምጃ ከመቁጠር ይልቅ የየመስመሩን ርዝመት ወይም ጊዜ እየደመረ አጭሩን በሚፈልግ ስልት) መተካት ይኖርብኛል። ፑሉ ግን እንዳለ ይቀጥላል።