የስኮትላንድ ካስሎችን በአንዲት ንግሥት ዱካ

ካስል የሚባለው ነገር፣ የድሮ ነገሥታትና መኳንንት የግንብ ምሽግ ማለት ነው፣ እውነቱን ለመናገር ሁለት ሦስቱን ካየህ በኋላ ሁሉም ድንጋይ ነው የሚሆንብህ፣ ነገሥታቱን ጄምስ አንደኛ ጄምስ ሁለተኛ እያሉ እስከ ስድስተኛ ይቆጥሩልሃል፣ ከበሩ ስትወጣ አንዱም ጭንቅላትህ ውስጥ የለም። ስለዚህ ስኮትላንድ ስሄድ ሁሉንም ልወቅ ማለቱን ተውኩና አንድ ሰው መረጥኩ፣ ንግሥት ሜሪ ስቱዋርትን፣ ከተወለደችበት ጀምሬ ካስል በካስል ተከተልኳት።

መጀመሪያ ሊንሊትጎ። ከኤድንብራ በባቡር ቅርብ ነው፣ ከጣቢያው በእግር ትደርሳለህ። ሜሪ እዚህ በ1542 ዲሴምበር ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ በስድስተኛ ቀኗ አባቷ ሞተና ንግሥት ሆነች፣ ገና ክርስትና ሳይደርስ በሉት። ቤተ መንግሥቱ ጣሪያ የለውም፣ በ1746 ወታደሮች አድረውበት ተቃጥሎ እንደዛው ቀረ።

ቀጥሎ ስተርሊንግ፣ በዘጠኝ ወሯ ዘውድ የተጫነላት እዚህ ነው። ትልቁ አዳራሽ ከውጭ ቢጫ ተቀብቶ ከሩቅ ሲያዩት አዲስ ሪል እስቴት ነው የሚመስለው፣ ብዙ ሰው ይናደዳል፣ እኔ ግን ወደድኩት፣ ምክንያቱም ካስል ማለት ግራጫ ድንጋይ ነው ብለን የምናስበው ቀለሙ ስለረገፈ ነው እንጂ በዘመናቸውማ ያብረቀርቁ ነበር።

ኤድንብራ ካስል ላይ ሰው ሁሉ ወደ ዘውዱ ነው የሚሮጠው፣ እኔ ግን ብዙ የቆየሁት ሜሪ ልጇን ጄምስን የወለደችበት ክፍል ነው፣ በጣም ጠባብ ናት፣ ግድግዳው ላይ 19 ጁን 1566 ተብሎ ቀኑ ተጽፏል። ንግሥት ሆና እንዴት እዚህ ጉሮኖ ውስጥ ትወልዳለች ትላለህ፣ ግን ከሦስት ወር በፊት ሆሊሩድ ቤተ መንግሥት እራት እየበላች ጸሐፊዋን ሪዚዮን ከጎኗ ጎትተው ወስደው በጩቤ ገድለውታል፣ ከገዳዮቹ ጋር ደግሞ የራሷ ባል አለበት! እና ምቾት ሳይሆን ወፍራም ግንብ ነው የፈለገችው። ይሄን አውቀህ ስትገባ ክፍሏ ሌላ ናት።

ከካስሉ ወርዳችሁ ፕሪንስስ ስትሪት መጨረሻ ላይ ያለችውን ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያንም እዩ፣ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈ ታቦት በ2001 እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኝቶ በ2002 ወደ አገራችን ተመልሷል። ስንቱ ሐበሻ በደጇ አልፏል።

ከሁሉም ግን ሎክ ሌቨን፣ ሐይቅ መሃል ያለው ካስል። ኪንሮስ ከምትባል ከተማ በትንሽ ጀልባ ነው ደሴቱ ላይ የሚገባው። በ1567 መኳንንቱ እዚህ አስረዋት፣ አስገድደው ዙፋኗን አንድ ዓመት ለሆነው ልጇ አስለቀቋት። በሚቀጥለው ዓመት ሜይ 2 ማታ የካስሉ ባለቤቶች ሲጋበዙ ዊሊ ዳግላስ የሚባል ልጅ ቁልፉን ሰርቆ አስወጣት፣ በሩን ከውጭ ቆለፈና ቁልፉን ሐይቁ ውስጥ ወረወረው። እዚያ ቆሜ ከግንቡ እስከ ውሃው ያለው ሜዳ ሰፊ ሆኖብኝ ግራ ገባኝ፣ ለካ የሐይቁ ውሃ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዲቀንስ ተደርጎ ነው፣ በሷ ጊዜ ውሃው ግንቡን ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር።

ከዚህ በኋላ የትም ስሄድ የማልተወው ጥያቄ፣ የቱ ነው የድሮው የቱ ነው የታደሰው? ኢሊያን ዶናን የሚባለው ካስል፣ ፎቶው በየካላንደሩ ላይ ያለው እሱ፣ በ1719 ፈርሶ አሁን የምታዩት ከ1912 እስከ 1932 የተሠራ ነው። አያምርም አላልኩም፣ ያምራል።

ሊንሊትጎ፣ ስተርሊንግ፣ ኤድንብራና ሎክ ሌቨን በአንድ የመንግሥት ድርጅት ሥር ስለሆኑ አባል ከሆናችሁ አራቱንም በዚያው ትገባላችሁ፣ ሆሊሩድ ግን ለብቻው ነው። የሎክ ሌቨን ጀልባ በብርዱ ወራት አይሠራም፣ ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚይዝ በበጋም ቢሆን ቀድማችሁ ቡክ አድርጉ።