ሸርጣኑ የየትኛው ግዛት ነው?

በዋሽንግተን መሐል ከተማ፣ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ በፈረቃ ኃላፊነት በምሠራበት ጊዜ፣ የወርኀዊ ደንበኞቻችን ዝርዝር በግዛት የተከፋፈለ ነበር፤ አንዱ ገጽ ለሜሪላንድ፣ ሌላው ለቨርጂኒያ፣ ሦስተኛው ለከተማዋ ለራሷ። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ያደሩትን መኪኖች እየዞረ ታርጋቸውን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል፤ ያላገኘው መኪና መስታወት ላይ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ይለጥፋል።

አንድ ማለዳ ስገባ፣ የወሩን ክፍያ ቀደም ብላ የፈጸመች የረጅም ጊዜ ደንበኛችን ከመኪናዋ አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። ብርቱካናማው ወረቀት በሹፌሩ በኩል ባለው መስታወት ላይ ተለጥፏል፤ በጥፍሯ ልትልጠው ሞክራ ግማሹ ተቀዶ ማጣበቂያው እንደ ነጭ ቅርፊት ቀርቷል። ይቅርታ ጠይቄ ሙቅ ውኃና ምላጭ አስመጣሁና መፋቅ ጀመርኩ። ወረቀቱን የለጠፈው ከአዲስ አበባ ከመጣ ብዙም ያልቆየ ወጣት ሲሆን፣ ከፈረቃው ሳይወጣ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ የሜሪላንዱን ገጽ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ የለችም» አለኝ።

«ሜሪላንድ መሆኗን በምን አወቅህ?»

«ታርጋዋ ላይ በተሣለው ሸርጣን ነዋ።»

አልፈረድኩበትም። በአገራችን ቀለም ራሱ ሕጋዊ ትርጉም አለው፤ ታክሲው በቀይ፣ የግሉ በሰማያዊ፣ የንግዱ በአረንጓዴ፣ የመንግሥቱ በጥቁር ይጻፋል። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ኮዱንና «አአ» ወይም «ኦሮ» የሚለውን የክልል ምልክት ሳያነብ እንኳ ከሩቅ የመኪናውን ዓይነት ይለያል። እዚህ ግን ሥዕሉና ቀለሙ በአብዛኛው ጌጥ ነው፤ ጌጡም በየጊዜው ይለወጣል፣ አሮጌውም ከአዲሱ ጋር አብሮ መንገድ ላይ ይቆያል። የሜሪላንድን መደበኛ ታርጋ ብቻ ብንወስድ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. በነጭ መደብ ላይ የግዛቲቱ ጋሻ ያለበት ወጣ፤ በ2010 አሜሪካና ብሪታንያ የተዋጉበትን የ1812ቱን ጦርነት ሁለት መቶኛ ዓመት ለመዘከር ባንዲራና የሚፈነዳ ቦምብ ያለበት ተተካ፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የግዛቲቱ ሰንደቅ ዓላማ የተሣለበት ይሰጣል። በመካከለኛው ታርጋ ግርጌ የታተመው የመታሰቢያው ድረ ገጽ አድራሻ ከጊዜ በኋላ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ፣ በ2023 ወደ አንድ የፊሊፒንስ የቁማር ገጽ ሲያመራ ተገኝቷል፤ ወደ 800,000 የሚጠጉ መኪኖች ሳያውቁት የቁማር ማስታወቂያ ይዘው ሲዞሩ ነበር ማለት ነው። የዋሽንግተን ታርጋ በበኩሉ ከ2000 ጀምሮ «ያለ ውክልና ግብር» የሚለውን አቤቱታ ይዞ ይሄዳል፤ የከተማዋ ነዋሪዎች ግብር እየከፈሉ በኮንግረስ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የላቸውም ማለት ነው፤ ክሊንተን በፕሬዚዳንቱ መኪና ላይ አሰቀሉት፣ ቡሽ አስነሱት፣ ኦባማ በ2013 መለሱት።

ወደ ሸርጣኑ ስንመለስ፣ ወጣቱ ያየው ምልክት ከሥር መሠረቱ አሳሳች ነበር። ሜሪላንድ ከ1990 ጀምሮ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ለመንከባከብ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ልዩ ታርጋ ትሸጣለች፤ ንድፉም በ2004 እና በ2018 ታድሷል። ሸርጣን ያለበትን ይህን ታርጋ በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ባሕረ ሰላጤው የቨርጂኒያም ጭምር ስለሆነ፣ ቨርጂኒያም «የቼሳፒክ ወዳጅ» የሚል፣ ሸርጣን የተሣለበት የራሷን ልዩ ታርጋ ትሰጣለች። የደንበኛችን ታርጋ ይኸኛው ነበር። በዚያ ላይ መኪናውን የሸጠላት ነጋዴ የድርጅቱን ስም የጻፈበት ወፍራም የፕላስቲክ ፍሬም «ቨርጂኒያ» የሚለውን ጽሑፍ ከላይ ሸፍኖታል። በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚታየው ሸርጣኑና ቁጥሩ ብቻ ነው፤ እኔ ራሴ የፊደሎቹን የታች ጫፍ ያየሁት ተንበርክኬ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን መጀመሪያ ያሰቡት ልጁን በጽሑፍ ለማስጠንቀቅ ነበር። እኔ ግን ጥፋቱ የዝርዝሩ አሠራር ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ ሠራተኛው ገና ቁጥሩን ሳይፈልግ ግዛቱን እንዲገምት የሚያስገድድ ዝርዝር፣ የግዛቱ ስም በተሸፈነ ቁጥር ማሳሳቱ አይቀርም። ስለዚህ ዝርዝሩን በቁጥርና በፊደል ተራ አደራጀነው፤ ግዛቱን፣ የመኪናውን ሥሪትና ቀለም በጎን አስገባን። ግዛቱን ጭራሽ እናውጣው ያለም ነበር፤ ይህን አልተቀበልኩም፤ ምክንያቱም ቨርጂኒያ፣ ፔንሲልቬኒያና ኒው ዮርክ ሦስት ፊደልና አራት ቁጥር ስለሚጠቀሙ፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ በሁለት የተለያዩ መኪኖች ላይ ሊገኝ ይችላል።

ደንበኛችን ፍሬሙን እንድታስነሳ በትሕትና ጠየቅናት፤ ስታስበው ቆይታ ሳታስነሳው ቀረች። በአዲሱ ዝርዝር ላይ ከቁጥሯ ጎን «ቨርጂኒያ፣ ሸርጣን ያለበት፣ የግዛቱ ስም የተሸፈነ» ብሎ የጻፈው ያው ወጣት ነው።